አሚር ወደ አሚር ሊቀየር አይችልም

ፈጠራ ነው የምትሉ እዚህ ላይ አቁሙ። የማወራው የደረሰብኝን ነው።

2014 ዓ.ም፣ ታኅሣሥ፣ መርሳ። ተዋጊዎቹ ከከተማችን በወጡ ሰሞን። ከቀኑ አስር ሰዓት... ፀሐይዋ ገና አለች።

ወንድሜ አሚር ወደ ወልድያ እንደወጣ አልተመለሰም። እናታችን ረሂማ ደጅ ደጁን ታያለች። እኔ መጠበቅ አልችልበትም። እሱ ጃቫ በሚባለው የኮድ ቋንቋ ጀምሮት የነበረውን የጠፉ ሰዎች መፈለጊያ አፕሊኬሽን ልጨርሰውና እሱኑ ልፈልግበት ላፕቶፑ ላይ ተጎልቻለሁ።

አፕሊኬሽኑን የሚያስኬደውን ሰርቨር ሳስነሳ ስህተት አወጣ።

"አሚር ወደ አሚር ሊቀየር አይችልም።"

ቀልደኛ ነው፤ አንዱን ክላስ፣ ማለትም የኮዱን አንድ ክፍል፣ በራሱ ስም ሰይሞታል። ቅጂው ግን ሁለት ቦታ ተቀምጧል። አንዱ በአፕሊኬሽኑ የራሱ ፎልደር፣ ሌላው አፕሊኬሽኖች ሁሉ በሚጋሩት።

ሰርቨሩ ክላስ ሲፈልግ መጀመሪያ የአፕሊኬሽኑን ቤት ይፈትሻል። እዚያ ካገኘ ውጭ ያለውን አይጠይቅም። ሁለቱም ከተጫኑ ደግሞ ስማቸው አንድ ቢሆንም ለጃቫ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የጋራውን ቅጂ ልሰርዝ ስል በሩ ተንኳኳ።

እናቴ ሮጣ ከፈተች።

"ሀስና! ወንድምሽ! አልሐምዱሊላህ... ያ ረቢ!"

አሚር ነበር።

ከግራና ከተማ በእግሬ መጣሁ አለ።

ጫማው ላይ አቧራ የለም...

እናቴ አቅፋው ታለቅሳለች።

"አንቱ፣ አያልቅሱ" አላት።

አሚር እናታችንን አንቱ ብሏት አያውቅም። "አንቺ ልጅ" እያለ ነው የሚያበሽቃት።

"እማ" አልኳት በሹክሹክታ። "አንቱ አለሽ እኮ።"

"መከራ ጨዋ አድርጎት ነዋ! አንቺንም ባደረገሽ። ዝም በይ።"

በሩ እንደገና ተንኳኳ።

"አንቺ ልጅ... ክፈችልኝ። እግሬን ቆስያለሁ።"

የአሚር ድምፅ። ከውጭ።

እናቴ ቀና እንኳ አላለችም።

"ልጄ ቤት ገብቷል። እንዳትከፍቺ።"

እናቴ ያቀፈችው ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ፈገግ አለ... ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ከፈትኩት።

ማንም የለም። ከቤቱ በር ደፍ እስከ ግቢው በር ድረስ ደም ተንጠባጥቧል። ገና እርጥብ ነው።

"አሚር!" እያልኩ ደሙን ተከትዬ ሮጥኩ።

ከኋላዬ እናቴ ስትጠይቅ ሰማሁ።

"ማነው እሱ?"

"ማንም የለም፣ እማ" አላት አንድ ድምፅ ከቤት ውስጥ።

የራሴ ድምፅ ነበር።

ከዚያ... መቀርቀሪያው ከውስጥ ተዘጋ።