የአናጢው ጭረቶች

አናጢው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ እንደተንበረከከ ነበር የሞተው። በእጁ ሰማያዊዋን የአስም ፓፍ ጨምድዷል። መርማሪዋ ከጣቶቹ አላቅቃ ጫን አደረገቻት፤ ምንም አልወጣም። ባዶ ናት።

ባልደረቦቿ «ቀስ በሉ» እያሉ ይጠሯታል፤ ከአፏ የማትጠፋ ቃል ስለሆነች። ያን ቀን ጠዋትም ሟችን በጤና ጣቢያ ትከታተል የነበረችውን ነርስ ለማሰር የተጣደፉትን ፖሊሶች ያለቻቸው ይህንኑ ነው።

ከሳሹ አብሮት የሚሠራው የሟች ታናሽ ወንድም ነበር። ወንድሜ ሳምንቱን ሙሉ ቀን ከሌት ፓፏን ሲነፋ ከረመ፣ መድኃኒቱ አለቀበት፣ ነርሷ ግን ዞር ብላ አላየችውም እያለ ያለቅሳል። ማስረጃውም ግድግዳው ላይ ነበር። ሟች ፓፏን በተጠቀመ ቁጥር አንድ ሳንቃ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ያሰምራል፤ ለየሳምንቱ አንድ ረድፍ። ሦስተኛው ረድፍ አራት ጭረት አለው፤ ሌሎቹ ከአንድ ከሁለት አያልፉም። የመጨረሻው ግን ቆጥረው አይዘልቁትም።

መርማሪዋ የተዘጋውን መስኮት፣ ከዚያ ወለሉን የሸፈነውን የእንጨት ብናኝ አየች። የሟች ሚስት ባሏ መስኮት ሳይከፍት መጋዝ እንደማይነካ ነገረቻት። ወርክሾፑን ለሴት ልጄ አስረክባለሁ ካለ ወዲህ ታናሽየው እንዳኮረፈም አልደበቀችም። መርማሪዋ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ያኮረፈ ሁሉ ገዳይ አይደለም።

ነርሷ በጤና ጣቢያው ክፍሏ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራዋም፣ ነፃነቷም በዚያ ሳንቃ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ለክትትል ሲመጣ ምን አልሽው?» አለቻት መርማሪዋ።

«እኔ ብዙ አላወራሁም፤ እሳቸውን ነው የጠየቅኳቸው። ጋሼ ምን ይከብድዎታል ስላቸው፣ እኔ ወረቀት አልወድም፣ የማውቀው ሳንቃና እርሳስ ነው አሉኝ። እንግዲያው በሳንቃ ይሁን አልን። በሳምንት ከሦስት ጭረት ካለፈ በማግስቱ ሊመጡ ሚስታቸው ፊት ተስማማን።»

«መጥቶ ያውቃል?»

«አንዴ። አራተኛዋን ባሰመሩ ማግስት፣ በሩ ሳይከፈት ቆመው አገኘኋቸው።»

ነርሷ ታናሽየውንም ይዘው እንዲመጡ ነግራቸው ነበር፤ እሱ ግን ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። መርማሪዋ እዚህ ላይ ማስታወሻዋን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ነርሷን፣ ሚስትንና ታናሽየውን ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ለአራት ጭረት ጎህ ሲቀድ የሄደ ሰው፣ ይሄን ሁሉ አስምሮ ቤቱ አይቀመጥም» አለች የመጨረሻውን ረድፍ እያሳየች። «ስለዚህ እነዚህን ያሰመረው እሱ አይደለም። ሌላ ሰው ነው፤ ውሉን የማያውቅ ሰው። ነርሷ ታውቀዋለች፤ ራሷ ተዋውላለች። ሚስቱ ታውቀዋለች፤ አጠገቡ ነበረች። ከሦስታችሁ የማያውቀው አንድ ሰው ነው።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ታናሽየው ነርሷን ወደ መስደብ ገባ። መርማሪዋ ቀስ በል አለችውና የእሱን የመሣሪያ ሣጥን አስከፈተች። ከመሮዎቹ ሥር ሰማያዊ ፓፍ ወጣች። ነርሷ የሰጠችበትን ቀን በእጇ ጽፋባታለች፤ ስትናወጥ ገና ግማሽ እንኳ አልጎደለችም።

«ይቺን በአሮጌ ባዶ ቀየርክ። መስኮቱን ዘግተህ መጋዙን አስነሣህና በብናኙ መሀል ተውከው። ሲሞት ደግሞ መድኃኒቱ አለቀበት እንዲባል ጭረቱን ጨመርክ።»

ታናሽየው አንገቱን ደፋ። «ጭረቱ ለቁጥር ብቻ መስሎኝ» አለ።

ሲወስዱት ነርሷ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት፤ ለራሷ ይሁን ለጋሼ አልታወቀም። ሚስት ወደ ሳንቃው ተጠጋችና በመሐረቧ የውሸት ጭረቶቹን እየፈተገች ታጠፋ ጀመር። ፖሊሱ ማስረጃ ነው ብሎ ሊከለክላት ሲል መርማሪዋ ያዘችው፤ ፎቶው ተነሥቷል።

በመጨረሻው ረድፍ መጀመሪያ ላይ አንዲት ጭረት ቀረች፤ እንደ ልማዱ በወፍራሙ እርሳስ ጫን ተብላ የተሰመረች።

«በሳምንት አንድ ብቻ» አለች ሚስት። «እየተሻለው ነበር።»