ሞገድ የሌለበት ቦታ

ሙሊሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በታክሲ መንገደኛ ሲያመላልስ በኖረበት በሚኔሶታው ፎርት ስኔሊንግ አውሮፕላን ማረፊያ ለመጨረሻ ጊዜ ያለፈው በጭነት በር በኩል፣ በሣጥን ሆኖ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2018፣ ፌብሩወሪ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ሣጥኑን ሊቀበሉ የቆሙት ሰዎች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ይላቀሳሉ። ከፍሎሪዳ የመጣው ወረቀት ግን ሟቹ የሞተበት ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅና ለስላሳ፣ ሙቀቱም ሰባ ዲግሪ ፋራናይት እንደነበር ይናገራል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ይሞታል ብሎ ማን ያስባል?

ከተቀባዮቹ መካከል ዙለይሃ ነበረች። አዳማ ላይ አሥራ አራት ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆና ሠርታለች፤ እዚህ ደግሞ አቅመ ደካማ መንገደኞችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች አውሮፕላን በር ድረስ ታደርሳለች። ሥራዋ ቢለወጥም ዓይኗ አልተለወጠም፤ ይህ ደግሞ በጉርብትና ብዙም የሚወደድ ጠባይ አይደለም። ቢሆንም ቀብሩ ባለፈ በአራተኛው ቀን የሟቹ እናት ወይዘሮ ሲምቦ ሜፕልዉድ ያለው አፓርታማቸው ድረስ አስጠሯት።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። የሟቹ ሚስት ዱረቲ ግን ከሰው ተለይታ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ አንድ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ማንም አጠገቧ አልነበረም። ወይዘሮ ሲምቦ ዙለይሃን ወደ መኝታ ቤት አስገብተው በሩን ዘጉ።

«ልጄ ውሃ ይፈራ ነበር» አሉ። «በበጋ ሁሉም ሐይቅ ዳር ሲወጣ እሱ ከመኪናው አይርቅም። አሁን ሊዋኝ ገባ ይሉኛል። ማን እንዳስገባው ፈልጊልኝ።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ሚስቱን። ሌላ ማንን እጠረጥራለሁ?»

ምክንያታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ። ሙሊሳ ሚስቱን ተከትሎ ፊሊፕስ ሰፈር ወዳለው የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ደግሞ የሰላሌ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ክርስትና ያስነሡት በአርባ ቀኑ ነው። ለገና በዓል ቤት ሲሰባሰቡ፣ ሌላ ውሃ ብትነካ እናት የለህም ብለውታል። ይህን ሲናገሩ አንገታቸው ቀና እንዳለ ነበር። ሲጨርሱም ሰኞ ዱረቲ ልብሷን ሰብስባ ከቤቱ እንደምትወጣ ነገሯት። ዱረቲ በዚህ አገር ሌላ ዘመድ እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ።

ዙለይሃ የባሕሩ ዳርቻ ፖሊስ የላከውን ፖስታ ከፈተች። አስከሬኑ ላይ የተገኘው ነገር በአራት መስመር አልቋል፤ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ረጅም ሱሪ፣ ቀበቶ፣ ባዶ ኪስ። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«መነጽሩስ?»

«እሷ ጋ ነው። ያለሱ እኮ የራሱን ጣት አይቆጥርም፤ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው።»

ዱረቲን ያነጋገረቻት ምድር ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ መካከል ነው። ልጅቷ የሟቹን ልብስ አጥባ እያጠፈች ነበር። ታሪኩን የነገረቻት እንደ ተጠና ትምህርት ነው። ወደ ፍሎሪዳ የሄዱት አራት ሆነው ነው፤ እሷና ባሏ፣ የባሏ የሥራ ጓደኛ ኪዳኔ፣ እና የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ሆርዶፋ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስትነቃ ባሏ አጠገቧ የለም። መነጽሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። በመስኮት ስታይ ብቻውን ባሕሩ ውስጥ ይታገላል። ጮኸች፤ ፖሊስ ጠራች። ሁለቱ ወንዶች በጩኸቷ ነው የነቁት።

«እናቱ ገደለችው የሚሉት አንቺን መሆኑን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትከላከዪም?»

ዱረቲ የያዘችውን ሸሚዝ እጀታ አስተካከለች። «ይበሉኝ» አለችና ሸሚዙን ከታጠፉት ላይ ደረበችው።

ዙለይሃ በሥራ ዘመኗ ብዙ ውሸታም አይታለች። የሚዋሽ ሰው ራሱን ለማዳን ይዋሻል። ይህችኛዋ ግን የምትዋሸው ራሷን ለማስወቀስ ነው፤ ይህ ለመርማሪዋ አዲስ ነበር። 

ኪዳኔን በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ አገኘችው። መኪናው ውስጥ አስገባት፤ ማሞቂያውንም ጨመረላት።

«ኦፍ ወስደን ለመዝናናት ነው የሄድነው፣ እትዬ ዙለይሃ። ከዚህ ቅዝቃዜ ትንሽ ሪላክስ እናድርግ ብለን። አየሩ በጣም ቆንጆ ነው፤ ዝናብ የለ፣ ንፋስ የለ። ስትጮህ ነቃሁ፤ ወርጄ አሸዋው ላይ ስደርስ ሬስኪው የሚያደርጉት ሰዎች መጥተዋል።»

«ውሃ ውስጥ አልገባህም?»

«እኔ? አልገባሁም።»

አዲስ ስልክ ይዟል። አሮጌው ወድቆ ተሰበረ አላት። ዙለይሃ ዓይኗን ወደ ኋላ ወንበር መለሰች፤ ክዳኑ የጠበቀ የመስተዋት ማሰሮ አለ፤ በውስጡ ሩዝ፣ በሩዙ ውስጥ የተቀበረ ስልክ።

«የተሰበረ ስልክ በሩዝ ይድናል እንዴ፣ ኪዳኔ?»

ኪዳኔ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ተራው ደርሶ ከኋላ ያለው መኪና ጥሩምባ ቢነፋበትም አልተንቀሳቀሰም። «ቪዲዮ አለበት» አለ በመጨረሻ። የምን ቪዲዮ እንደሆነ ግን አልነገራትም፤ እሷም አላስጨነቀችውም።

ጋሽ ሆርዶፋን ፊሊፕስ ሄዳ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አገኘቻቸው። አዳራሹ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ይለቀቅላቸዋል። ሽማግሌው ወንበር እያጠፉ ይደረድራሉ። የሚሠሩት በግራ እጃቸው ነው። የቀኛቸው ሁለት ጣቶች አንድ ላይ በፋሻ ታስረዋል። በር ተዘግቶባቸው እንደሆነ ተናገሩ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ሰኔ ወር፣ እንደ መስተዋት የረጋ ሐይቅ፣ ዳር ላይ የሚዘምር ሕዝብ። ውሃው ውስጥ የተሰለፉት ሁሉ እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ ለብሰዋል። ጋሽ ሆርዶፋ አንዷን ሴት በግራ እጃቸው ማጅራቷን ደግፈው ሊያጠልቋት ነው።

«ፎቶው ላይ ቀኝ እጅዎ ምን ይዟል?» አለች ዙለይሃ።

«ቀበቶዋን» አሉ ሽማግሌው፤ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። «ሁሉንም ቀበቶ አስታጥቃለሁ። ሰው ውሃ ሲነካው ይደነግጣል፣ ይንሸራተታል። ቀበቶውን ከያዝሽ አያመልጥሽም። ሃያ ዓመት እዚህ ሐይቅ ውስጥ ሳጠምቅ አንድ ሰው...»

እዚያ ላይ አቆሙ። የታሰሩትን ጣቶቻቸውን አዩ፤ ከዚያም እሷን አዩዋት። ዙለይሃ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ሲምቦ ቤት እንዲገኙ ብቻ ነግራቸው ወጣች።

የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም በስልክ ጨረሰችው። ሪፖርቱን የፈረመችው የባሕር ዳርቻ ሠራተኛ ደግ ሴት ሆና ተገኘች፤ አንድ ሰዓት ገደማ አስረዳቻት። ስልኩን ስትዘጋ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዞላት ነበር። ዙለይሃ ግን አልተደሰተችም። እናትየው የጠየቁት ማን እንዳስገባው ነው። መልሱ እሳቸው ደጃፍ ላይ ሄዶ እንደሚቆም ገብቷታል። እሑድ ወደ ሜፕልዉድ ስትነዳ ሁለት ጊዜ ልትመለስ አሰበች። እንዳትመለስ ያደረጋት ዱረቲ ሰኞ ከቤት መባረሯ ነው።

ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሲምቦ ሶፋው ላይ፣ ጋሽ ሆርዶፋና ኪዳኔ ፊት ለፊታቸው፣ ዱረቲ እንደ ልማዷ ወጥ ቤቱ በር ላይ። ዙለይሃ ቆማ ጀመረች።

«ሙሊሳ ብቻውን አልገባም። መነጽሩ ክፍል ውስጥ ቀረ ተባለ። ያለ መነጽር ጣቱን የማይቆጥር ሰው ጎሕ ሲቀድ ደረጃ ወርዶ፣ አሸዋ አቋርጦ ባሕር ሊደርስ አይችልም። መነጽሩን ያወለቀው ውሃው አፋፍ ላይ ነው፤ የተቀበለው ሰውም ነበር። ዱረቲ፣ አንቺ በመስኮት አላየሽም። እዚያው ነበርሽ።»

 «ነገርኳችሁ እኮ» አሉ ወይዘሮ ሲምቦ።

«ይታገሡኝ፣ እማማ ሲምቦ። ሁለተኛ፣ ሊዋኝም አልገባም። ሊዋኝ የሚገባ ሰው ሸሚዙን እስከ አንገቱ አይቆልፍም፤ ቀበቶም አይታጠቅም። እንዲህ ለብሰው ውሃ የሚገቡ ሰዎች ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጋሽ ሆርዶፋ አዳራሽ ግድግዳ ላይ።»

 ኪዳኔ አንገቱን ደፋ።

«ሦስተኛ፣ ኪዳኔ ውሃ አልገባሁም ይላል፤ ስልኩ ግን ገብቷል፤ እንዲደርቅ ሩዝ ውስጥ የሚቀበረው ውሃ የገባው ስልክ ነው። ቪዲዮ ሲያነሣ ቆይቶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዘሎ ገባ። ጋሽ ሆርዶፋ ደግሞ በር አልተዘጋባቸውም። ቀበቶውን ይዘው ነበር። ባሕሩ ልጁን ሲወስደው አልለቀቁም፤ ጣታቸው እስኪሰበር ድረስ።»

ሽማግሌው በታሰረ እጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። «አመለጠኝ» አሉ። «ልጁ አመለጠኝ፣ ወይዘሮ ሲምቦ።»

«ግን እኮ አየሩ ቆንጆ ነበር ብላችሁኛል» አሉ እናትየው፤ ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ንፋስ የለም፣ ማዕበል የለም ብላችሁኛል።»

«አየሩስ ቆንጆ ነበር» አለች ዙለይሃ። «የባሕሩ ዳርቻ ሴትዮ እንደነገረችኝ ሞገዱን የሚልከው ሩቅ ያለ ወጀብ ነው፤ ዳርቻው ላይ የቆመ ሰው ፀሐይ ብቻ ነው የሚያየው። በዚያ ላይ ነፍስ አዳኞቹ በክረምት አይሠሩም። ሞገዱ ነጭ ሆኖ የሚሰበርበት ጥልቀት የለውም፤ ሥሩ አሸዋ ነው። በሞገዶቹ መካከል ረግቶ የሚታየው ቦታ ግን የገባው ውሃ ሁሉ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ ነው። እዚያ የቆመን ሰው እግሩን ከሥሩ ነቅሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ከየት የመጡ ሰዎች ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ ከሚኔሶታ አልኳት።  የሐይቅ አገር ሰዎች ሁልጊዜ የረጋውን ይመርጣሉ አለችኝ።»

«እኔ ነኝ የመረጥኩት» አሉ ጋሽ ሆርዶፋ። «ሃያ ዓመት የረጋ ውሃ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ሞገድ የሌለበት ቦታ ሳይ ለልጁ የተዘጋጀ መሰለኝ።»

ኪዳኔ ቀና አለ። «ዳርቻው ላይ የተሰቀለውን ቀይ ባንዲራ ያየችው ዱረቲ ናት፣ እማማ። ትርጉሙን ባናውቅም ቀይ ነገር ጥሩ አይደለም፣ እንመለስ ብላ ሙሊሳን ለመነችው። እሱ ነው እምቢ ያለው።»

ወይዘሮ ሲምቦ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሩ። ቀብሩ ካለፈ ጀምሮ ምራታቸውን ፊት ለፊት ሲያዩ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዱረቲ ቀና አላለችም።

«ሐይቁ እያለ ምን ባሕር ወሰዳችሁ? ሰኔ እስኪገባ ለምን አልጠበቀም?» አሉ ወይዘሮ ሲምቦ።

ዙለይሃ የፈራችው ጥያቄ ይኸው ነበር። ሰኔ ላይ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ ይዘመራል፤ ወሬው በማግስቱ ሜፕልዉድ ይደርሳል። መልሱን ሁሉም ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አፋቸውን አልከፈቱም። ወይዘሮ ሲምቦ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አዩ።

«እኔን ፈርቶ ነው» አሉ።

«ለእርስዎ እንዳይነገር አስምሎን ነበር» አለች ዱረቲ። «እማዬን ቀስ ብዬ ራሴ እነግራታለሁ፣ እስከዚያ እንዳትሰማ አለን። ከሞተ በኋላ ደግሞ እንዴት እንነግርዎታለን? እኔን ቢጠሉኝ ይሻላል ብዬ ነው።»

እናትየው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። አላለቀሱም። 

«ተጠምቆ ነበር? ወይስ ገና ነበር?»

ጋሽ ሆርዶፋ ዙለይሃን አዩ። እናትየው የቱን መልስ ቢሰሙ ይሻላቸዋል የሚል እይታ ነበር፤ ዙለይሃም አታውቀውም። ስለዚህ ሽማግሌው የሆነውን ተናገሩ።

«ተጠምቋል። አጥልቄው አወጣሁት። ውሃው ከፊቱ ላይ እየወረደ ሳቀ። ወደ ዳር ልመራው ዞር ስል ነው እግራችን መሬት ያጣው።»

«ሳቀ?»

«በጣም ሳቀ።»

ወይዘሮ ሲምቦ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያን ሁሉ ውሃ ፈርቶ ኖሮ» አሉ ከነጠላው ሥር፣ ከዚያም በአገራቸው ቋንቋ ልጄን፣ ልጄን አሉ። ቆይተው ቀና ሲሉ ዱረቲን ጠሯት።

«አየሽው ሲስቅ?»

«አየሁት፣ እማዬ። ወደኔ እያየ ነበር።»

«እኔ እዚያ ብኖር አይስቅም ነበር።»

 ዱረቲ ሻንጣዋን አስቀድማ አዘጋጅታ እንደነበርና ጠዋት እንደምትሄድ በለሆሳስ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ሲምቦ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የትም አትሄጂም» አሏት። «ሲስቅ ያየሽልኝ አንቺ ነሽ።»