የቶሩን ራስጌ

ቶሩን ሞታ የተገኘችው መኝታ ባላት መኪናዋ ውስጥ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ተከናንባ ነው። ወለሉ ላይ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ነበር፤ መስኮቶቹ ተዘግተዋል። በጸደይ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ተራራ ለተራራ የምትዞር የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ ራሷን አጠፋች ብሎ ደመደመ።

ልጇ ማሪት ጠዋት ተጠርታ መጣች። አላለቀሰችም። ተራራው ሥር ባለው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የቀረበላትን ዋፍል ኬክ ትቆራርሳለች፤ አትበላውም።

«ትናንት ደውላልኝ አላነሳሁም» አለቻት ለመርማሪዋ ለሲቭ። «ሥራ አልነበረብኝም፤ ዝም ብዬ ነው። በዚህ ከሆነ የሞተችው ንገሪኝ፤ አትሸፋፍኚልኝ።»

ሲቭ ማጽናናት አይሆንላትም። ወጥታ የቶሩንን መኪና ታይ ጀመር።

ማንደጃውን ብድግ አደረገችው። የላስቲኩ ወለል አልጠቆረም፣ አልተኮማተረም። ከዚያ ጎማዎቹ ሥር ጎንበስ አለች። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ሆኖም በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሥር መኪናውን ከፍ የሚያደርግ ሽብልቅ ገብቷል። የአልጋው ትራስ ያለው ግን በሾፌሩ መቀመጫ በኩል ነው።

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ኦድቫር ደጁ ላይ ቆሟል።

«ከሷ ጋር ተጣልተሃል አሉ።»

«ተጣላሁ እንጂ! መስኮቴ ሥር አቁማ ሸለቆውን ጋረደችብኝ። ሂጂ ብላት “ተራራው ያንተ ነው?” አትለኝም! ሄዳ ከዚያ ከሌላው ተጓዥ፣ ከኤሊፍ ጎን ቆመች።»

«ጠዋት የተገኘችው ግን ከኤሊፍ ርቃ፣ እዚያ ማዶ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ። ኤሊፍን ጠይቂው። እሱም ቢሆን ማታ ዝናቡ ሲጀምር እዚህ መጥቶ፣ ኳስ ስናይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጧል።»

ኤሊፍ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እሱም ብቻውን ይጓዛል። በመኪናው ጎን ድንኳን ወጥሯል። አስገብቶ ከፔርሙስ ቡና ቀዳላት።

«ታውቃት ነበር?»

«ከሰላምታ አላለፍንም።»

«የመኪናህ አልጋ ራስጌው በኋላ በኩል ነው።»

«አዎ። በሩን ከፍቼ ተራራውን እያየሁ ነው የምነሳው።»

ስትወጣ ጎማዎቹን አየች። የእሱም ሽብልቅ ከኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ማረፊያ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ማሪት፣ እናትሽ እንዴት ነበር የምትተኛው?»

«ራሷን ከፍ አድርጋ። ዝቅ ካለ ይፈልጣታል። ሽብልቁን ሁሌ ከፊት ነበር የምታስገባው።»

«ትናንት ግን ከኋላ ነው የገባው፤ እግሯ ከፍ፣ ራሷ ዝቅ። እሷ እንዲህ አታደርግም። ወለሉም አልተቃጠለም፤ ማንደጃው የገባው ከበረደ በኋላ ነው። ስለዚህ የሞተችው ሌላ ቦታ ነው፤ መኪናዋን ያቆመላት ሌላ ሰው ነው። ኦድቫር ዕድሜውን ሙሉ ቤት ውስጥ ያደረ ሰው ነው፤ ሽብልቅ ጨርሶ ትዝ አይለውም። ትዝ የሚለው በመኪና ለሚያድር ሰው ነው፣ ራስጌው በኋላ ለሆነ።»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባል የለ? የኤሊፍም እጅ የለመደውን ሠርቶ ነበር።

ኤሊፍ ብዙም አልተከራከረም።

«ድንኳኔ ውስጥ አብረን ቋሊማ ጠበስን። ዝናቡ መጣ፣ በረዳት። እሳቱ የጠፋ መስሎኝ ማንደጃውን እግሯ ሥር አድርጌ፣ ድንኳኑን ዘግቼላት ኳስ ለማየት ሄድኩ። ስመለስ የከሰሉ ጭስ አፍኗት…» አቀረቀረ። «ገደልካት እንዳይሉኝ ፈርቼ መኪናዋ ውስጥ አስተኝቼ ማዶ ወሰድኳት።»

«ራሷን አጠፋች እንዲባል ተውካት» አለች ሲቭ።

«አዎ።»

ማሪት ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ምንም አልነበረም።

«ስለ እኔ ምን አለችህ?»

ኤሊፍ መዋሸት ዳዳው፣ ግን ተወው። «ምንም። ካርታ ዘርግታ ስለ ሰሜኑ መንገድ ነበር የምታወራው። በአሥር ቀን ባሕሩ ጋ እደርሳለሁ ስትል ትስቅ ነበር።»

«አላነሳችኝም?»

«አንዴም።»

ማሪት ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ያላትን ልቅሶ አለቀሰችው።