ድምፅ በሻምፖ ውስጥ

«አትንኪው ብዬሻለሁ» አለ ጢንዚዛ። አፉ አርፎ ስለማያውቅ ነው ክፍሉ በሙሉ እንዲህ የሚጠራው። «ቻርቱ አልቋል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ የሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው። አሁን ምን ሊሠራልሽ ነው?»

ሙከራውን አብራው የምትሠራው ልጅ ግን ሁለት ፊኛዎችን ሻምፖ በተሞላ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አጥልቃ ነበር። በአንደኛው ፊኛ ውስጥ ያለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ትጮኻለች፤ በሌላኛው ውስጥ ያለችው ማይክሮፎን የደረሳትን ለስልኩ ታቀብላለች። ባለፈው ሳምንት በውሃ ሲሞክሩት ስልኩ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ መርፌ ዘሎ ነበር። በዘይትም ትንሽ ዝቅ ብሎ ዘለለ። በሻምፖው ግን ንቅንቅ አላለም። «ፈሳሽ በወፈረ ቁጥር ድምፅ ይሞታል» ብለው ቻርቱ ላይ በትልልቁ ጻፉ።

ትናንት ለአባቷ የሰጠችው መልስም ይኸው ነበር።

አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እናቷ ነፍሰ ጡር ሳለች በየምሽቱ ከመንገድ ይደውል ነበር፤ እናቷም ስልኩን ሆዷ ላይ ታስቀምጥለት ነበር። ወንድ ልጅ ነበር። ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ልቡ ቆመ። አባቷ የደረሰው ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሥራ አልወጣም። ትናንት በሩን ተደግፎ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ፣ «አንቺ የሳይንስ ሰው፣ ለመሆኑ ልጁ ድምፄን ይሰማኝ ነበር?» አላት።

የፈተና ጥያቄ ይመስል ቶሎ መለሰች። «በወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ድምፅ ይሞታል፣ አባዬ።»

«እንግዲህ» ብሎ ወጣ። ራቱን ሳይበላ አደረ።

አሁን ግን መርፌው ዘለለ።

ጢንዚዛ ወደ ስልኩ አጎነበሰ።

«ያን ቀን ገና እንደገለበጥነው ነበር የለካነው» አለች። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሻምፖው ሲቀመጥ ሰንብቶ ጠርቷል። «አረፋ ነበረው። ድምፁን የዋጠው በውስጡ የተበተነው አየር ነው እንጂ ውፍረቱ አይደለም።»

«ይሁና! ማን ያውቅብናል? ዳኞቹ እንደሆኑ ቻርቱን በዓይናቸው ገረፍ አድርገው ነው የሚያልፉት። አታካብጂ በናትሽ።»

«ለአባቴ ነግሬዋለሁ።»

የወንድሟን ነገር ጢንዚዛ ያውቃል። የአባቷን ጥያቄ ግን አሁን ነበር የሰማው፤ ቀስ ብላ ነገረችው። ጢንዚዛ ቻርቱን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ቻርቱን አየ።

«ነጭ ወረቀት እኔ ጋ አለ» አለ በመጨረሻ። «ሂጂ አንቺ። እኔ እጽፈዋለሁ። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም አትሳቂብኝ።»

አባቷን ከቤታቸው ፊት ለፊት በቆመው መኪና ውስጥ አገኘችው። ሞተሩ ጠፍቷል። መሪውን በጨርቅ ይወለውላል።

«አባዬ፣ ትናንት የነገርኩህ ስህተት ነው» አለች ከታች ቀና ብላ። «ፈሳሹ አረፋ ነበረው። አረፋው ሲወጣ ድምፁ ደረሰ።»

መወልወሉን አላቆመም። «ደረሰ ስትይ?»

«ደከም ብሎ። ግን ደረሰ።»

«አዎ፣ ሰምቶሃል» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲህ ብትለው ዛሬ ራቱን ይበላ ይሆናል። ዋጠችው።

«ጠርሙስ ግን ሆድ አይደለም። እሱ ይስማህ አይስማህ አላውቅም፣ አባዬ።»

ጨርቁን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው።

«ቁም ነገር እንኳ አልነበረም የምነግረው» አለ። «ነዳጅ ቀዳሁ፣ ድልድዩን አለፍኩ፣ ጎማ ተነፈሰብኝ… እናትሽ ከት ብላ ትስቅብኝ ነበር። ልጁ ረዳትህ መሰለህ ወይ ትለኛለች።»

እሷ አልሳቀችም። እሱም መሪውን መወልወሉን ቀጠለ።

ቤት ገብታ ለነገ የምትናገረውን መለማመድ ነበረባት። ግን መኪናውን ዞራ ሌላኛውን በር ከፈተችና ተንጠላጥላ ወጣች። ቦርሳዋን እግሯ ሥር አኑራ በሩን ዘጋች።

«ጎማው የቱ ጋ ነው የተነፈሰብህ?» አለችው።