እንደ ትናንቱ

አስከሬኑ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሳይወጣ ጥፋተኛዋ ተገኝታ ነበር። የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ የገባው ሰዓት ሠሪ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የደም ግፊቱ ወርዶ ሞተ። ግፊት የሚያወርደውን መድኃኒት የሰጠችው ነርሷ ናት። የሥራ ፈቃዷን የሚነጥቀው ወረቀት ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶታል።

አንድ ጡረተኛ የልብ ሐኪም ጉዳዩን እንዲያጣሩ የተጠሩት የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲደርስ ነው። ደረት ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ሆስፒታሉ በሙሉ አዛውንቱን «ጆሮ ጠቢ» ይላቸዋል። ቅጽል ስሙን ይወዱታል።

ነርሷ ዓይኗ አብጧል። «መድኃኒቱን አበዛሁት እንዴ ፕሮፌሰር?»

«የመድኃኒቱ ፓምፕ መዝግቦታል፤ በአንድ ጠብታ እንኳ አልተሳሳትሽም። ማለዳ ምን ሰማሽ?»

«ደረቱ ላይ እንደ መጋዝ የሚፋጭ ድምፅ። ማታ አልነበረም። ለተረኛው ዶክተር ብነግረው ‹ጆሮሽ ነው› አለኝ። አልትራሳውንዱን ራሴ ጎትቼ አመጣሁ። ማንም አልነካውም።»

ማሽኑ ዛሬም አልጋው ጎን ቆሟል።

የሟች ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። «ማክሰኞ ጠዋት ባለቤትዎ ምን ብሎዎት ነበር?» አሏት።

«ምን ይላል! ‹ዛሬስ ያንን ቀዝቃዛ ብረት ደረቴ ላይ ያሳረፈ ሐኪም የለም፤ ድኛለሁ ማለት ነው› ብሎ ሳቀ።»

«ልጅዎስ አብሮት ነበር?»

«እሱማ ሰኞ ማታ ወደ ሥራው ተመለሰ።»

ከሰዓት በኋላ ነርሷን፣ ሚስትየዋንና ተረኛ የነበረውን ወጣት ዶክተር በነርሶች ማረፊያ ሰበሰቧቸው። ዶክተሩ በሩ አጠገብ ቆመ።

«የገደለው መድኃኒት አይደለም» አሉ። «በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ተቀዶ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ይጮኻል። ሲስተር ሰምታዋለች። የማክሰኞ ጠዋት የሐኪም መዝገብ ግን ‹ከልጁ ጋር እየሳቀ ያወራል፤ ልብ፦ አዲስ ድምፅ የለም› ይላል። ልጁ በዋዜማው ሄዷል። ስለዚህ ይህ የሰኞ ጽሑፍ ነው፤ የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። ሰውዬው ‹ደረቴን የነካ ሐኪም የለም› ያለው እውነቱን ነበር። ዶክተር፣ ሳትሰማው ገለበጥክ።»

«አሥራ አራት አልጋ ለብቻዬ ነበር» አለ ዶክተሩ። ቀጥሎ አንገቱን ደፋ። «እንዲህ ስናደርግ ‹እንደ ትናንቱ› እንላለን። ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ‹ያልተለወጠውን አትድገሙ፤ እንደ ትናንቱ በሉና እለፉ› ብለውናል።»

አዛውንቱ ያችን ቀን አስታወሱ። ክፍሉ በሙሉ ስቆ ነበር፤ እሳቸውም በቀልዳቸው ኮርተው ነበር። አሁን አፈሩ።

«ጠዋት ቢሰሙት ይተርፍ ነበር?» አለች ሚስት።

«ለቀዶ ጥገና ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ... ምናልባት።»

«ምናልባት» አለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

አዛውንቱ የነርሷን ወረቀት ቀደው ጣሉ። በአዲስ ወረቀት ላይ፣ በጥፋተኛው ቦታ፣ የዶክተሩን ስም ጻፉ፤ ከሱ በላይ ደግሞ የራሳቸውን።