የባቡር ነጂዋ ታሪክ አላልቅ ያለ ጊዜ

መጀመሪያ የተያዩት እሷ ግማሽ ፊቷ ደንዝዞ፣ እሱ ጓንቱን እያወለቀ ነው። እሷ ደራሲ ናት፤ ለልጆች ትጽፋለች። የጥንቱን ዘመን በልብ ወለድ ታመጣላቸዋለች፣ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ትተርክላቸዋለች፣ የድሮ አፈ ታሪኮችን እንደ አዲስ ታወራላቸዋለች። እሱ የጥርስ ሐኪም ነው። መንጋጋ ጥርሷን ነቅሎላት ሲያበቃ፣ ጥጥ እንደነከሰች ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ፎቶግራፍ እያመለከተች አንድ ነገር ጠየቀችው።

«ይቅርታ፣ አልሰማሁም» አለ።

ደግማ ጠየቀች። የወጣው አሁንም ቃል አልነበረም። ሁለቱም ሳቁ፤ እሷ በግማሽ አፏ።

ፎቶግራፉ ላይ የደንብ ልብስ የለበሰች ሴት ከባቡር መስኮት አንገቷን አውጥታ ትስቃለች።

«እናቴ ናት» አላት ገምቶ። «ባቡር በመንዳት የመጀመሪያዋ ሴት ናት።»

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። የጥርሷን ነገር አላነሳችም፤ የእናቱን ታሪክ ለልጆች መጻፍ እንደምትፈልግ ነገረችው።

እናቱ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። ደራሲዋ እየመጣች ስትጠይቃቸው፣ ሐኪሙ ከሥራ ወጥቶ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን የእናቱን ወሬ ያዳምጥ ነበር። በኋላ ግን ዐይኑ ከምታዳምጠው ደራሲ ላይ አልነቀል አለ። ወሬው ደስ ሲላት እርሳሷን ትነክሳለች።

«ጥርስዎን ይጎዱታል» አላት አንድ ቀን።

«ግድ የለም፣ የማውቀው ሐኪም አለ» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንቱ መባባሉን ተዉት።

የእናቱ ታሪክ ግን አላልቅ አለ። አለቀ ሲባል «ይቺንማ ሳልነግርሽ» ይላሉ። አንድ ቀን ጎርፍ ድልድይ ሰብሮ፣ በዚያ ዶፍ ዝናብ ባቡሩን ከነመንገደኛው ገደል አፋፍ ላይ እንዴት እንዳቆሙት አወሩላት። ደራሲዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሰማች። ሐኪሙ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ነበር።

የመጽሐፉ ማሳመሪያ ያ ምዕራፍ ሆነ። አሳታሚው በጣም ወደደው። ሊታተም ሰሞን፣ ሐኪሙ ወደ ቤቷ እየሸኛት ሳለ መንገድ ላይ ቆመ።

«የድልድዩን ነገር አውጪው።»

«ለምን?»

«እናቴ በነዳችበት መስመር ድልድይ የለም። ወንዝም የለም። ሜዳ ነው።»

አጠገባቸው መኪኖች አለፉ። እሷ ወደ እሱ ዞረች።

«መቼ አወቅህ?»

«ያኔውኑ፣ ስትነግርሽ።»

«እና እስካሁን?»

«ታሪኩ ካለቀ መምጣትሽም ያበቃል ብዬ ፈራሁ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ስትሰማ ልቧ በቀለጠ። ነገር ግን ልጆች «ይሄ የእውነት ነው?» ብለው ሲጠይቋት ዐይን ዐይናቸውን እያየች የምትመልስ ሴት ናት። አፈ ታሪክ ከሆነ አፈ ታሪክ ነው፤ እውነት ከሆነ እውነት።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ዶክተር» አለችው። «ደህና ይሁኑ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ምዕራፉን አወጣችው። አሳታሚው «የመጽሐፉን ልብ ነው ያወጣሽው» ብሎ ቢያኮርፍም መልሳ አላስገባችውም። መጽሐፉ ቀጠን ብሎ ታተመ። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዛ፣ ሐኪሙ ሥራ ላይ የሚሆንበትን ሰዓት መርጣ ወደ እናቱ ሄደች። አሮጊቷ ገጾቹን አገላበጡ።

«ድልድዬ የታለ?»

«ሜዳ ነው አሉ፣ እማማ።»

አልደነገጡም። መነጽራቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ነገረሽ? እኔ እንኳ የሚደፍር አልመሰለኝም ነበር። ስሚኝ ልጄ፣ እውነተኛው ታሪኬ ከተሟጠጠ ቆይቷል። ዕድሜ ልክ ያው ሐዲድ ነው፣ ምኑ ይወራል? ያ ልጅ የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውላል፣ የራሱን መክፈት ግን አያውቅበትም። ሸሚዝ መተኮስ የጀመረው አንቺ መምጣት ስትጀምሪ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ? ጎርፍ አመጣሁ።»

ደራሲዋ ላትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሆነላትም። ሳቁ መሃል ላይ ዕንባ ሆነባት።

«በእኔ ስም ሊታተም ነበር እኮ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ፣ አጥፍቻለሁ። እሱም መዘግየቱ ጥፋት ነው። ግን ልጄ፣ እንደሚያጣሽ እያወቀ ነው የነገረሽ።»

ይህን አላሰበችውም ነበር። እቤቷ ገብታ የአንድ ንጉሥ ታሪክ መጻፍ ጀመረች፤ ንጉሡ ግን ከዙፋኑ ሳይነሳ ቀናት አለፉ። ያቺ የአሮጊቷ ቃል እየመጣች ብዕሯን ታስቆማታለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአሮጊቷን በር አንኳኳች። የከፈተው ሐኪሙ ነው። ከስቷል። የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ማነው?» አሉ እናቱ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ታሪኬ አለቀ እኮ፣ ልጄ። ቅንጣት አልቀረኝም።»

«ዛሬ የመጣሁት ለእርስዎ አይደለም።»

ከውስጥ የመኝታ ቤቱ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ተሰማ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ግን ከይቅርታው በፊት ሌላ የምነግርሽ አለ፤ እወድሻለሁ። ገና ድሮ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ቀና ብላ ዐይን ዐይኑን አየችው። እሱም ዐይኑን ሳይሰብር አያት።

«ታዲያ ግቢ አትለኝም?» አለችው።

ገባች። በዚያው ቀረች።