ሦስተኛዋን ዘግየት አድርጎ

እኔ ስለ ጂን ሲወራ ሻይዬን ይዤ ጠረጴዛ የምቀይር ሰው ነኝ፣ ጂጂጋ ከመጣሁ ጀምሮ ያልተነገረኝ የለም፣ አንዱንም ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም፣ እንዲያውም የሥራ ባልደረባዬ አብዲ «አንተ ታደሰ፣ ጂን ራሱ መጥቶ ሰላም ቢልህ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። አሁን የምነግርህን ባታምነኝም አልቀየምህም፣ እኔም ብሆን አላምንህም ነበር።

ሥራዬ የመዋኛ ገንዳ ሴራሚክ ማጽዳትና መጠገን ነው። ጂጂጋ ውስጥ ደግሞ ስንት ገንዳ አለና ብለህ እንደምትስቅ አውቃለሁ፣ ጥቂት ሆቴሎችና አንዳንድ የሀብታም ግቢዎች ናቸው፣ ግን ውሃው ጨው ስለሚበዛው ሴራሚኩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ቅርፊቱም በአሲድና በብሩሽ ካልሆነ አይለቅም፣ ስለዚህ ሥራ አጥተን አናውቅም። አጥተን አናውቅም ስል እኔና አብዲ ማለቴ ነው፣ እሱ እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከቱሊ ጉሌድ ከተማ፣ እኔ ከደብረ ብርሃን፣ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል።

ባዶ ገንዳ ውስጥ ድምፅ ስለሚያስተጋባ መጮህ ዋጋ የለውም፣ አፍህም በጭንብል ታስሯል፣ ስለዚህ አንዳችን ታች ስንፈገፍግ ሌላው ላይ ፓምፕ ክፍሉ ሆኖ በግድግዳው ውስጥ የሚወርደውን ቧንቧ በመፍቻ ይመታል። አንዴ ሲመታ «ደህና ነህ?» ነው፣ ታች ያለው ሁለቴ መልሶ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ሦስት ከተመታ ደግሞ ብሩሽህን ጥለህ ውጣ ነው፣ ለምን ብሎ መጠየቅ የለም። ሁለት የሚመታው ታች ያለው ሰው ብቻ ነው፣ ይህችን ያዝልኝ።

አብዲ ባለፈው ዓመት በኩላሊት ሕመም ሞተ። ቤቱ ተኝቶ ሳለ ሁለቴ ደውሎልኝ ነበር፣ እጄ ሲሚንቶ ይዞ ነበር፣ ማታ እደውልለታለሁ አልኩና ረሳሁት፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለቱንም ጊዜ ረሳሁት። መርዶውን የሰማሁት ሴራሚክ ልገዛ ድሬዳዋ ሄጄ ነው፣ ሚኒባስ ይዤ ስበር የካራማራን ተራራ ሳንሻገር ወንድሙ ደወለና «ቀብረነው ተመለስን፣ አትቸኩል» አለኝ፣ በእነሱ ዘንድ አስከሬን አያድርም። አፈር ሳላለብሰው፣ ደህና ነህ ወይ እንኳ ሳልለው ቀረሁ። ይሄ ነው ሆዴን ሲበላኝ የከረመው።

ከዚያ ከአብዲ ጋር ስንሠራለት የኖርን አንድ ሆቴል ለሠርግ ገንዳውን አድርስልን ብሎ በጥድፊያ ጠራኝ። ሰው ልቅጠር ብል ልቤ እምቢ አለ፣ በአብዲ ቦታ ሌላ ሰው ማቆም ከበደኝና ብቻዬን ገባሁ። ጠዋት ታች ጥጉ ላይ አረንጓዴ የያዘውን ቦታ ክሎሪን ነሰነስኩበት፣ ከሰዓት ግድግዳውን በአሲድ ያዝኩት። ክሎሪን ታጥቦ ሳይወጣ አሲድ አይፈስም፣ ሁለቱ ከተገናኙ የሚወጣው ጭስ ሳንባ አቃጥሎ ይገድላል፣ ይህን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ግን ማጠቡ የአብዲ ሥራ ነበር፣ ሰባት ዓመት ሙሉ እሱ አጥቦ ነው የጠበቀኝ፣ እኔም ታጥቧል ብዬ ሥራዬን ጀመርኩ። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬም ተደፍኗል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ስፈገፍግ ቧንቧው አንዴ ኳ አለ። እኔም በብሩሹ እጀታ ኳ ኳ አልኩ፣ እመነኝ፣ ለማን ነው የመለስኩት ያልኩት ከመለስኩ በኋላ ነው። ብረት በፀሐይ ሲሞቅ ይንቋቋል ብዬ ራሴን አሳመንኩና ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ ኳ፣ ኳ፣ አለና፣ ኳ። አብዲ ሦስተኛዋን ሁልጊዜ ዘግየት አድርጎ ነበር የሚመታት፣ ልክ እንደዚያ ነው የዘገየችው። ግን ግትር ነኝና አልወጣሁም። እንደገና ሦስት መጣ፣ አሁንስ ሴራሚኩ መዳፌ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ የሚቀልድብኝን ሰው አሳየዋለሁ ብዬ ብሩሹን ወርውሬ መሰላሉን ወጣሁ።

ላይ የነበረችው አንሶላ የምታሰጣው የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ፋዱማ ብቻ ነች።

«ማነው ቧንቧ የሚመታው?» አልኳት።

«ምን ቧንቧ? ሰው የለም ወላሂ፣ ሁሉም ሶላት ሄዷል» አለችና ከኋላዬ አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ታደሰ፣ ያ ምንድነው?»

ዞር ስል ከታችኛው ጥግ የተነሳ ቢጫ ጉም እኔ የነበርኩበት ድረስ ደርሷል፣ የወረወርኩት ብሩሽ አይታይም። ሳል ያዘኝ፣ ፋዱማ ውሃ አመጣችልኝ።

ፓምፕ ክፍሉ እንደተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። ስከፍተው ሰው የለም፣ ፓምፑም አልተነሳም፣ አብዲ እዚያው ትቷት የሄደው መፍቻ ግን ሚስማሯ ላይ እንደተንጠለጠለች በቀስታ ትወዛወዛለች። ፋዱማ በሩ ላይ ሆና አይታለች፣ «ቢስሚላህ» ብላ አልገባም አለች።

የቧንቧ ሠራተኛ ጓደኞቼ አየር ነው ይሉኛል፣ ይሁን፣ አየር ሦስተኛዋን ያዘገያል?

እሱስ ይቅር። ጭሱ ከወጣ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ወደ ፓምፕ ክፍሉ ተመለስኩ፣ ፋዱማ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማ ታያለች፣ ታች ማንም የለም። መፍቻዋን አወረድኩና አንዴ መታሁ። በስልክ ያልጠየቅኩትን ነው የጠየቅኩት። ብዙ ጠበቅኩ፣ ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ከታች ሁለት መጣ፣ ቀስ ብሎ። ምን እደብቅሃለሁ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

አሁን ሰው ቀጥሬያለሁ፣ ክሎሪኑንም በገዛ እጄ ነው የማጥበው። ግን ለጥገና ወደዚያ ሆቴል በሄድኩ ቁጥር ያቺን መፍቻ ሳያት አንድ ሐሳብ ይመላለስብኛል፣ ለአንዱ ሁለት ከመለሰልኝ፣ ሦስት ብመታለትስ? እጄ ሁለቴ ወደ ሚስማሩ ሄዶ ተመልሷል። በእኛ ደንብ ሦስት የሰማ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፣ ይወጣል።